በትኩሳት የተጠራ ስም

ጦቢያ አርጅታ ምርኩዝ ከያዘች በኋላ ነው። አንድ ቀን የቂርቆስ ልጆች ሸክላ ሻጯን ሴት «ቡዳ! ቡዳ!» እያሉ ሲሮጡ አየቻቸው። አልተቆጣችም። «ኑ፣ ቁጭ በሉ» አለቻቸው። «እኔም በዚህ ቃል ሰው ላስገድል ነበር።» ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ተቀመጡ።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ኋላ ካዛንቺስ የተባለው ሜዳ ድንጋይና ኖራ ብቻ ነበር፤ ለጣሊያን ሹማምንት ቤት ይሠራበታል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጦቢያ ለሠራተኛው ውሃ ታመላልሳለች። ዘርአይ የድንጋይ ጠራቢዎቹን መሮ የሚስል ባለ እጅ ነው፤ ከወልቃይት የመጣ ቤተ እስራኤል።

መጀመሪያ ቀን ጣሳውን ብትዘረጋለት አልተቀበላትም።

«ምነው? እከክ አለብኝ?»

«ኧረ የለብሽም። የአባቶቼ ሥርዓት ነው። የሌላ እምነት ሰው ከነካኝ ወንዝ ወርጄ ሳልታጠብ ቤቴ አልገባም።»

«ጉድ እኮ ነው! ሰዉ ቡዳ ነው ብሎ አንተን ይፈራል፣ አንተ ደግሞ ሰዉን ትፈራለህ።»

ሳቀ። የራሱን ቅል መሬት ላይ አስቀምጦ ፈቀቅ አለ። እሷም እንስራዋን ዘንበል አድርጋ ከላይ አንቆረቆረችለት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። እጅ ለእጅ አልተነካኩም። ግን ቅሉ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ እየተያዩ ይቀራሉ፤ ውሃው እግሯን ሲያርሰው ነው ጦቢያ የምትነቃው።

በኅዳር አንድ ቀን ሥራውን የሚመራው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ጠፋ። ደግ ሰው ነበር፤ ሠራተኛ አይመታም።

«የት ሄደ?» አለችው ዘርአይን።

«ተባረረ። ዘሩ አይሁድ ነው ብለው። አገሩ እንዲህ ያለ ሕግ አውጥቷል አሉ።»

«ጣሊያን አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ለካ ጣሊያንም የራሱን ሰው ቡዳ ይላል።» ዘርአይ ሳይስቅ ነው የተናገረው። «የነሱ በወረቀት ነው። የእኛ ሰፈር ያለ ወረቀት ይፈርዳል።»



በታኅሣሥ ትኩሳት ጣላት። እናቷ ወይዘሮ አየለች እንደ ሰፈሩ ልማድ ሥር አጭሳ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። ጎረቤት ከቧታል። «ማን በላሽ? ተናገሪ! ማን በላሽ?» ይላሉ። ቡዳ የበላው ሰው በጭሱ ሲለፈልፍ የሚጠራው ስም የበላተኛው ስም ነው ይባላል።

ጦቢያ ጭሱንም ሰዉንም አታይም። የምታየው የሞላ ቅል ነው። «ዘርአይ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ።

«ተመስገን! ስሙን ስትጠሪው ለቀቀሽ» አለች እናቷ። «እነአጥናፉ ከሥራው ቦታ ጎትተው አምጥተው ከባሕር ዛፉ ሥር አስረውታል።»

«እማዬ፣ የጠራሁት በልቶኝ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ጠራሽው?»

ጦቢያ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። «ስለምወደው።»

አየለች የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። «ይሄን ደጅ ወጥተሽ ብትናገሪ ማን ያገባሻል? ዝም በይ፣ በቃ! እንግዳ ሰው ነው፤ ይሄዳል፣ ይረሳል።»

«እየደበደቡት እንዴት ይሄዳል?»

ግድግዳ እየተደገፈች ወጣች። የዘርአይ ግንባር ደምቷል። ጎረቤቷ አጥናፉ በትር ይዞ ቆሟል።

«ነይ፣ እንትፍ ይበልብሽና ጨርሶ ይልቀቅሽ!»

«ፍታው።»

«አንቺው ጠርተሽው!»

«ጠራሁት። አንተ ስትታመም የምትጣራው የምትጠላውን ነው?»

ጦቢያ በትሩን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«እወደዋለሁ። የጠራሁትም ለዚሁ ነው። ሰው የሚበላማ እኛ ነን፤ ይኸው ከበን ልንበላው።»

«ኤዲያ! ምን ዓይነቷ ናት!» አለች አንዲት ሴት። ከኋላ አንድ ሁለቱ ሳቁ። አጥናፉ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «እኛ እኮ ላንቺው ብለን…» እያለ ገመዱን ፈታ።

ያኔ ጦቢያን የወደቀው ገመድ አደናቀፋት። ያ ጣሳ የማይቀበላት ሰው በሁለት እጁ ያዛት።

«ነካኸኝ» አለችው። «አሁን ወንዝ ልትወርድ ነው።»

«አንቺም ጭስ ጭስ ትሸቻለሽ። አብረን እንውረድ።»

ልጆቹ እዚህ ላይ ሳቁ። «ከዚያስ?» አለ አንዱ።

ከዚያማ ተጋቡ። እናቷ ሁለት ዓመት ደጃቸውን አልረገጠችም፤ የሱም ወገኖች እንደ ሞተ ቆጥረው አለቀሱለት። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በአውሮፓ አይሁድ በሚሊዮን እንዳለቁ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል በመርዝ ጢስ ታፍነው እንደተቃጠሉ ተሰማ። ዘርአይ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰም። «መሐንዲሱስ?» ይል ነበር። የሚነግረው አላገኘም።

«ያ ሁሉ ሰው ያለቀው ባንድ ቀን ክፋት አይደለም» አለች ጦቢያ። «መጀመሪያ ቅጽል ስም ወጣለት፤ ጎረቤቱም ሰምቶ ዝም አለ። በሉ ሂዱና ሴትዮዋን በስሟ ጥሯት።»

ልጆቹ ተያዩ። «ስሟን አናውቀውማ።»

«እሱን ነው የምላችሁ» አለች። «ሂዱ ጠይቋት።»