ጓጉንቸሮቹ ዝም ሲሉ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ረስቼው በሰላም ብተኛ ደስ ባለኝ። ግን በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው፤ ውሸት ነው የሚለኝ ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ምስክር ካላችሁ ደግሞ አማቴ አሉ... እሳቸው ግን አይናገሩም።

ሰዓቱ ከቀኑ አስራ አንድ አካባቢ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ቦታው የተከራየነው ቤት ግቢ።

መጀመሪያ ስራዬን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ሳቁብኝ። እኔ እንቁራሪት ነው የማጠናው። በየሰዉ ጓሮ ወዳለ ኩሬ ማን እንደሚመጣ፣ የቱ እንቁራሪት የቱ ጓጉንቸር እንደሆነ እለያለሁ። እንቁራሪት ቆዳዋ ለስላሳ ነው፣ ትዘላለች። ጓጉንቸር ቆዳው ሻካራ ነው፣ ከመዝለል ይልቅ መሬት ለመሬት መሄድ ይወዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይቼ ሳይሆን ሰምቼ ነው የምለያቸው።

አማቴ በዚህ ስራዬ ሲቀልዱብኝ አይጣል ነው። ሰው ምራቴ ሐኪም ናት፣ ምራቴ መሐንዲስ ናት ይላል፣ እኔ ምን ልበል ይሉ ነበር። ግን ከእኔ በላይ የሚወዷቸው እሳቸው ናቸው። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ዊልቸር ላይ ስለሆኑ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ይውላሉ። ከውጪው በር አጠገብ ድንጋይ ስር የሚጮኸውን ትልቁን ጓጉንቸር "አለቃ" ብለው ስም አውጥተውለታል።

ባለቤቴ ለመስክ ስራ ሲወጣ ሁልጊዜ የሚለኝ አንድ ነገር ነው...

"እናቴን አደራ።"

አደራ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም።

የግቢውን ነገር ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። በአንዱ ጫፍ ቤቱ፣ በሌላው ጫፍ የብረት በሩ፣ መሃል ላይ ኩሬው። ኩሬው ግቢውን ሊሞላው ምንም አልቀረው። ከቤት ወደ በሩ ለመሄድ ወይ በቀኝ ወይ በግራ በኩል፣ በግንቡና በውሃው መካከል ባለች ጠባብ መንገድ ነው። ሌላ መውጫ የለም። በቀኙ መንገድ ጓጉንቸሮቹ ናቸው። በግራው፣ ቄጠማው ውስጥ፣ ትንንሾቹ እንቁራሪቶች።

ሌላም ነገር እወቁልኝ። ሰው ሲቀርባቸው ዝም ይላሉ። ሰውየው ሲያልፍ፣ ወይም ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ፣ ይቀጥላሉ። በእኛ ስራ ይህን የማያውቅ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃ ዝም አለ።

ቀጥሎ ከእሱ ወዲህ ያለው። ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለው... ትንሽ ቆይቶ አለቃ እንደገና ጀመረ። ዝምታው ግን ወደ እኛ መጣ።

እባብ ነው አልኩ። ድመት ነው አልኩ። ሄጄ ባይ ጭቃው ላይ አንድም ዱካ የለም።

አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩ።

"እርምጃ ነው" አሉ። "ሰው ነው... ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።"

ከአንገት በላይ ሳቅሁ።

በማግስቱም መጣ። ከዚያም በኋላ። ከበሩ ይነሳል፣ መንገዱ መሃል ድረስ ይመጣል፣ ይቆማል... ይመለሳል። በየቀኑ ግን ትንሽ ይቀርባል። ለባለቤቴ ስደውልለት፣ ጓጉንቸሮችሽ አናትሽ ላይ ወጥተዋል ብሎ አላገጠብኝ። እኔም አፍሬ ዘጋሁት።

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁላችሁ ቀን ግን፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ መጥቶ አልተመለሰም።

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። አማቴ ሲጠሩኝ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አይበልጥም።

"ልጄ... ነይ እስኪ። ኮቴሽን አታሰሚ።"

ወጣሁ። ከአለቃ ጀምሮ በሩቅ ያሉት ሁሉ ይጮሃሉ። ከበረንዳው በስተቀኝ፣ እግራችን ስር ያሉት ግን ጸጥ ብለዋል። እኛን ለምደውናል፣ ካልተንቀሳቀስን ወዲያው ነው የሚጀምሩት። ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን...

አልጀመሩም።

"እዚህ ነው" አሉ አማቴ።

ወደ ቤት ለምን አልገባችሁም ትሉኝ ይሆናል። ቤቱ አንድ በር ብቻ ነው ያለው፣ መስኮቶቹ በሙሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ተከትሎን ቢገባ በምን እንወጣለን? ብረት በሩ ደግሞ ከውስጥ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው። ያም ሆኖ ለባለቤቴ ደወልኩለት። ከመስክ እየተመለሰ ነበር። ድምፄን ሲሰማ አልቀለደም። እናቴን ይዘሽ ውጪ፣ ሰፈር ገብቻለሁ፣ በሩ ጋ እጠብቃችኋለሁ አለኝ።

በስተቀኝ አለ። በስተግራ ግን ትንንሾቹ ቄጠማውን አናግተውታል። እነሱ ከጮሁ በዚያ በኩል ማንም የለም ማለት ነው።

የዊልቸሩን ፍሬን ፈታሁና በግራ በኩል ገፋሁ።

መንገዱ ላቁጧል። ጎማው ይንሸራተታል። ግንቡ ክርኔን ይልጠዋል። በዚህ ግንብ፣ በዚያ ውሃ... መዞሪያ እንኳ የለም። እግዜር ይስጣቸው ይጮሃሉ እያልኩ ወደ ድምፁ እገፋለሁ። መሃል መንገድ ደረስን።

"ልጄ" አሉ አማቴ፣ ዞር ሳይሉ። "እነዚህ ለምን ዝም አይሉም?"

ቆምኩ።

ዊልቸሩ ይንቋቋል። እግሬ ጭቃውን ሲረግጥ ከሩቅ ይሰማል። አጠገባቸው ደርሰናል፣ በእጄ ልነካቸው እችላለሁ። ዝም ማለት ነበረባቸው። ለእኛ... ዝም ማለት ነበረባቸው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ስፒከሯ።

እንቁራሪት ስንቆጥር የተቀረጸ ድምፅ እናሰማታለን፣ እሷም ካለች ትመልሳለች። ጠዋት ትንሿን ስፒከር ቄጠማው ውስጥ አስቀምጬ ነበር። እሳቸውን ቁርስ ላበላ ስገባ እንደበራች ረሳኋት።

ጎንበስ ብዬ አጠፋኋት።

ቄጠማው ጭር አለ። አንዲት እንቁራሪት እንኳ አልነበረችም።

ከኩሬው ማዶ ግን ጓጉንቸሮቹ ይሰማሉ። አሁን ሁሉም ይጮሃሉ። በረንዳው ስር ያሉትም ጀምረዋል። በግቢው ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው... እኛ ያለንበት።

ገፋሁ። ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰምጧል። ሳብኩ። ንቅንቅ አይልም። አማቴን ላዝላቸው ብል ዳሌያቸው አይችልም።

"ጥለሽኝ ሂጂ" አሉኝ በለሆሳስ።

"ለማን ነው የምጥልዎት?"

"አንቺ ልጅ ነሽ። ሂጂ ብያለሁ።"

እንባዬ መጣ። በፈጣሪ ዝም ይበሉ አልኳቸው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ገፋሁ...

ዊልቸሩ ከጭቃው ወጣ።

እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። እጄ መያዣው ላይ ነው፣ ግን ክብደት የሚባል ነገር የለውም። ባዶ ካርቶን የምገፋ ነው የመሰለኝ። አማቴ ወደ ግራቸው፣ ወደ ግንቡ ዞረው፣ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ላገዘን ሰው እግዜር ይስጥልኝ ሲሉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

እንዴት በሩ ጋ እንደደረስን አላውቅም። ቁልፉን ከፍቼ ባለቤቴ ደረት ላይ ወደቅሁ። ከኋላችን አለቃ እንኳ ሳይቀር ግቢው በሙሉ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር። ባለቤቴ ምንም አላየም። እናቱ ደህና ነኝ አሉት፣ አመነ።

እዚያ ቤት ዳግመኛ አላደርንም።

አሁን ያለንበት ቤት ኩሬ የለውም። ከደጃፉ ማዶ ግን ውሃ የሚያቁር ቦይ አለ፣ ዝናብ ሲጥል እንቁራሪት አይጠፋውም። ብቻዬን ወጥቼ ስቀመጥ ትንሽ ዝም ይሉና ይጀምራሉ። ከአማቴ ጋር ስቀመጥ ግን ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ... አይጀምሩም።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እናቴን አደራ ያለኝን ሰው ምን ብዬ ልንገረው?

ትናንት ከሰዓት በኋላ የአማቴን ዊልቸር ደጃፍ አውጥቼ፣ እኔ አጠገባቸው ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቦዩ ጸጥ ብሏል። እንደምንም ደፈርኩና ጠየቅኳቸው።

"እማማ... አሁንም አለ?"

እጄን ያዙና ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉኝ።

"ጠጋ በይለት ልጄ" አሉኝ። "ቆሞ ደክሞታል።"

ጠጋ አልኩ።

አግዳሚው በባዶው ጫፍ በኩል... ቀስ ብሎ ረገበ።