ቃለአብ ያልጻፋቸው ደብዳቤዎች

አቶ ሀብተሚካኤል ሞተው የተገኙት በገዛ መኝታ ቤታቸው፣ ከአልጋቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ነበር። ዳሌያቸውና ትከሻቸው በልዟል፤ አንዳንዱ ትኩስ፣ አንዳንዱ ወደ ቢጫ የዞረ፣ የከረመ። ፖሊሱ ይህን ሲያይ፣ ሽማግሌውን የሚያንገላታቸው ሰው ቤቱ ውስጥ አለ ብሎ ጠረጠረና የአስከሬን መርማሪዋን መቅደላዊትን አስጠራ። በአሜሪካዋ ኦሮራ ከተማ ሐበሻ በድንገት ሲሞት የምትጠራው እሷ ናት። ሥራዋ ላይ እያለች ለቀስተኛው ሁሉ ዘመድ አድርጓት በምግብ ቢያስጨንቃትም ለምዳዋለች።

የሟች ልጅ ፀዳል ግን ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ ወደ ጋራዡ ጎተተቻት።

«እናቴ ሳሎን ናት። ወንድሜ እንደሞተ አታውቅም። እባክሽ አንድ ቃል እንዳያመልጥሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወንድሟ ቃለአብ የአሜሪካ ጦር ወታደር ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ልምምድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞቷል። የአባቱን ልብ ድካም ስለሚያውቅ፣ አንድ ነገር ብሆን ለእህቴ ብቻ ይነገር ብሎ አስመዝግቦ ነበር። ፀዳልም ከባሏ ከዳኛቸውና ከአባቷ ወዳጅ ከጋሽ ባስልዮስ በቀር ለማንም ሳትተነፍስ ቀበረችው። ለወላጆቿ ግን ስልክ የማይፈቀድበት ቦታ ተልኳል አለቻቸው። ከዚያም በልጁ ስም ደብዳቤ እየጻፈች፣ በኢሜይል የመጣ አስመስላ ፕሪንት ታደርግላቸው ጀመር። መርዶውን ዛሬ ነገ ስትል ከረመች። የአባቷ ልብ እንደማይችለው ሐኪሙም ነግሯት ነበር።

«አንድ ሰው ነግሮት ነው የሞተው» አለች ዓይኗ እየቀላ። «ወይ ነግሮታል፣ ወይ ገፍቶታል። ማን እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

መቅደላዊት አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው። ዳኛቸው ከኤርፖርት ታክሲውን እየነዳ መምጣቱ ነው። መርዶው እንደ ወጉ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይነገር እያለ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ እንደከረመ አልደበቀም፤ ሆኖም ከአፉ አልወጣም። አማቱ አቶ ሀብተሚካኤል ሰሞኑን ብቻቸውን የሚተኙበትን ክፍል በር ቆልፈው መተኛት ጀምረው እንደነበርም ነገራት። ጋሽ ባስልዮስ ደግሞ ከሞታቸው በፊት በነበረው ምሽት ሟችን ያነጋገሩ እሳቸው ስለሆኑ፣ የፀዳል ዓይን ከፊታቸው አልነቀል ብሏቸው ተጨንቀዋል። ትንፍሽ አላልኩም ብለው ማሉ። ሃቫና ስትሪት ወዳለው ፀጉር ቤት ሁልጊዜ አብረው ይሄዱ እንደነበር፣ አሁን አሁን ግን ሟች ጺሜን አልላጭም ብለው እምቢ እንዳሏቸው ተናገሩ።

መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው ተነጥፏል፤ የተደራረቡት ትራሶች አልተነኩም። ከአስከሬኑ ሥር ቀጭን ብርድ ልብስ አለ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ጥግ ጥጉ ያለቀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተቀምጧል፤ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የኖረ አንድ የገበሬ ልጅ ከጦር ሜዳ ለወላጆቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። አንዳንዱ መስመር በእርሳስ ተሰምሮበታል። መቅደላዊት የተሰመረውን አነበበችና መጽሐፉን ይዛ ሳሎን ሄደች።

እማማ ፀሐይነሽ የልጃቸውን ደብዳቤዎች ከጉያቸው አውጥተው ሰጧት።

«አባቱ ናቸው ጮክ ብለው የሚያነቡልኝ» አሉ። «ሲጨርሱ ስመውት ለእኔ ይሰጡኛል።»

መቅደላዊት እዚያው ቆማ አነበበቻቸው። ከዚያም ደብዳቤዎቹን ይዛ ፀዳልን፣ ዳኛቸውንና ጋሽ ባስልዮስን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትየው እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማንም አልመታቸውም። ሐኪሙ ትራስ ደራርበው እንዲተኙ አዟቸው ነበር፤ ዝርግ ብለው ከተኙ ሳንባቸው ውሃ ይሞላል። እሳቸው ግን በሩን እየቆለፉ ወለል ላይ ሲተኙ ከርመዋል፤ የሞቱትም በዚሁ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሽማግሌ ደረቅ ወለል ላይ ሲገላበጥ ይበልዛል።»

«ያን የመሰለ አልጋ እያለ?» አለ ዳኛቸው።

«ጺሙን ያሳደገ፣ ከአልጋው የወረደ ሰው ምን ሆነ ይባላል?» አለች መቅደላዊት።

ጋሽ ባስልዮስ ቶሎ ገባቸው። «ሐዘን ተቀምጠው ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ብቻቸውን።»

«ታዲያ ማን ነገረው?» አለች ፀዳል።

መቅደላዊት መልሱን በእጇ ይዛዋለች፤ ባትይዘው በወደደች። ከደብዳቤዎቹ አንዱን ዘረጋች። «ጫማዬ ከፊቱ ተቀዶ ጣቴ ብርድ ያያል፤ ጓደኛዬ ብርድ ልብሱን ለሁለት ቀዶ ሰጠኝ ይላል። ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ ነዋ። የወታደር ኑሮ ምን አውቄ? የመጣልኝን ነው የጻፍኩት።»

መቅደላዊት መጽሐፉን ገልጣ የተሰመረበትን አማርኛ እያደረገች አነበበችላት። ጫማው አለ፤ ለሁለት የተቀደደው ብርድ ልብስም አለ። ፀዳል እጇን ዘርግታ መጽሐፉን ነካችው።

«ልጆች ሆነን… አሜሪካ እንደመጣን፣ አማርኛ እንዳንረሳ እየተረጎመ ያነብልን ነበር። ለእኔና ለቃልዬ።» የተሰመረበትን በጣቷ ተከተለች። «ከራሴ ነበር የመሰለኝ።»

«አባትሽ ግን አልረሱትም፤ የምትጽፊው አንቺ መሆንሽ ገባቸው። ልጃቸው በሕይወት ቢኖር የራሱን ኑሮ ይጽፍ ነበር። ያንቺ ልፋት እንዳይፈርስ፣ እናትሽም እንዳይሰሙ፣ የመጣላቸውን ሁሉ ድምፃቸውን አስተካክለው ያነቡ ነበር።»

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች ፀዳል። ዳኛቸው ሊይዛት ሲጠጋ ገፋችው። ወንጀለኛ ቢኖር ኖሮ መቅደላዊት ሥራዋን ታውቅ ነበር፤ እዚህ ግን የምትይዘው ሰው የለም።

የጋራዡ በር ተከፈተና እማማ ፀሐይነሽ በከዘራቸው ተደግፈው ብቅ አሉ። አሮጊቷ ማንንም ሳያዩ ቀጥ ብለው ወደ መቅደላዊት መጡና እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ የመንግሥት ሰው ነሽ አሉኝ። ልጄ ያለበት ቦታ ስልክ አይፈቀድም፤ አለቆቹም እኛን አይሰሙንም። አንቺ ብትጠይቂያቸው ግን እሺ ይሉሻል። ቃለአብን ለአባቱ ቀብር እንዲለቁልኝ ንገሪልኝ።»

መቅደላዊት ፀዳልን አየች፤ ፀዳል ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ባስልዮስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የአሮጊቷ እጅ የመርማሪዋን እጅ አጥብቆ እንደያዘ ነው።

«ብዙ አይደለም የምለው» አሉ እማማ ፀሐይነሽ። «አባቱን አፈር አልብሷቸው ወዲያው ይመለሳል።»