የኮርቻው እኩሌታ

«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ትል ነበር እናቷ፣ መቀሷን ጨርቁ ላይ ከማሳረፏ በፊት። ልብስ ሰፊ ስለነበረች ከተረቱ አብልጣ የምትወደው የፊተኛውን እኩሌታ ነበር። ልጅቷ የኋለኛውን አስባው አታውቅም። ጨዋታ ሞልቶ በሚፈስበት ቤት ስለ አነጋገር የሚጨነቅ ማን አለ?

አባቷ የሻይ ብርጭቆውን ከእጁ ሲጥል እሷ የሒሳብ ደብተሯን ገልጣ ተቀምጣ ነበር። በዚያ ወር የተሰበረው ሦስተኛው ብርጭቆ ነው። አባትየው ጣቶቹን የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል እያገላበጠ ተመለከተና «ደነዘዘኝ» አለ። እሷ መጥረጊያ አመጣች፤ እሱ ስብርባሪውን በግራ እጁ ለቀመ። እናቷ ከሞተች ዐሥራ አንድ ወር ሆኗታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አባትና ልጅ የተነጋገሩት ስለ ጨው፣ ስለ ቁልፍና ስለ መጥረጊያ ብቻ ነው። አባትየው ድሮ ሲያቆላምጣት «እናቴ» ይላት ነበር፤ አሁን ቃሉ ከአፉ አይወጣም፤ «ልጄ» ብቻ ይላታል።

የአባቷ ሥራ የውኃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ከማለዳ እስከ ማታ በአሮጌ ሞተር ሳይክሉ ከግቢ ግቢ ይዞራል፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥር ይመዘግባል፣ ውሻ ይሸሻል፣ እንደገና ይነሣል። የእጁ ነገር ከጠና በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም የአንድ ወር ጊዜ እንደ ሰጠው ልጅቷ ያወቀችው ከአፉ አይደለም። ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ የታጠፈ ደብዳቤ አገኘች። በወሩ መጨረሻ እጁ ካልተሻለው ሞተር መንዳቱ ቀርቶ፣ ከተራሮቹ ማዶ ያለው የፓምፕ ጣቢያ ጠባቂ ይሆናል፤ ወደ ቤቱም በወር አንድ ጊዜ ይመጣል። በደብዳቤው ግርጌ አባቷ በእርሳስ የእኅቱን ስልክ ጽፎበታል። አክስቷ ደግ ሴት ናት፤ ግን አምስት ልጆች አሏት፣ ቤቷም ሌላ ከተማ ነው። ልጅቷ ደብዳቤውን አጥፋ ወደ ኪሱ መለሰችው። ጃኬቱንም ሳታጥበው ቀረች።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ሠፈሩ ሁሉ «ጋሽ ብሎን» ወደሚለው ሞተር ጠጋኝ ዘንድ ጎራ አለች። ጋሽ ብሎን ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ነው፤ አልፈታም ያለውን ብሎን እንደ ሰው ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ሲፈታለት ደግሞ ይመርቃል። የመጣችበትን ስትነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጣትና፣ የአባቷን የእጅ አንጓ የጎዳው ሞተሩ ሳይሆን አያያዙ መሆኑን አስረዳት። መሪው ወደ ፊትና ወደ ታች አዘንብሏል፤ ሰውየው በላዩ ላይ ይተኛበታል፤ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው መዳፉ ላይ ነው።

«መሪውን አራት ብሎን ነው የያዘው» አላት። «ማዞሩ ቀላል ነው፤ ልኩን ማግኘት ነው ሥራው። ሰውየው ኮርቻው ላይ ይቀመጥ፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ ትከሻውን ለቆ እጁን ይዘርጋ። መሪው ወደ እጁ ይመጣል እንጂ እጅ መሪ ፍለጋ አይሄድም። በይ አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ።»

እሷም መፍቻ እንዲያውሳት ለመነችው።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?» አለ እየሳቀ። ግን አዋሳት። ብሎኖቹን ስታጠብቅ ሁሉንም በየተራ በጥቂት በጥቂቱ እንድታጠብቅ፣ ጨርሳም መሪውን ግራና ቀኝ አዙራ ሽቦዎቹ እንዳይወጠሩ እንድታይ አስጠነቀቃት። አባቷን ይዛ የማትመጣበትን ምክንያት አልጠየቃትም። ቢጠይቃት ኖሮ መልሱ ይቸግራት ነበር። አባቷን «ና» ለማለት «ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ» ማለት ነበረባት፤ ያንን ካለች ደግሞ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይወጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቷ ፀጉሩን ሊቆረጥ በእግሩ ሲወጣ፣ የእናቷን ሜትር ከስፌት መኪናው መሳቢያ አወጣች። ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ መሳቢያውን የከፈተው ሰው አልነበረም፤ ጠመኔና አዲስ ጨርቅ ይሸታል። የአባቷን ጃኬት አልጋው ላይ ዘርግታ እጅጌውን ለካች፤ ስድሳ ሦስት ሳንቲ ሜትር። ከዚያም ብቻውን የሚነዳ ሰው ሁሉ እንደሚቀመጠው ኮርቻው መካከል ላይ ምልክት አድርጋ፣ ከዚያ ተነሥታ ልኩን እየጣለች መሪውን ወደ ኋላና ወደ ላይ አዞረችው። ብሎኖቹን በየተራ አጠበቀች። ሽቦዎቹንም አየች። ሥራው እናቷ ብታየው የምትኮራበት ነበር።

ሰኞ ማለዳ በመስኮት ሆና ጠበቀች። አባቷ ወጣ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ እንደ ወትሮውም ከነዳጅ ታንኩ ጋር ተጣብቆ ከኮርቻው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መሪው ከሆዱ ጋር ገጠመ። ክርኖቹ እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ኋላ ወጡ። ለአፍታ ቆመ፤ እጁንም በመሪው ላይ አሳለፈ። ልጅቷ «ማነው የነካው?» ብሎ እስኪጣራ ጠበቀች። አልተጣራም። እንደዚያው ተጣምሞ ወጣና ሄደ።

እሷም ወደ ትምህርት ቤት በእግሯ ሄደች። አርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ድሮ እናቷ ቤቱን ታሟሙቅላት፣ ትቀሰቅሳትም ነበር፤ አሁን ሁሌም የሚቀድማት ደወሉ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የአርፋጆቹን መዝገብ ገልጦ «መጣች የኔ ሁለተኛ ደወል» አላትና ብዕሩን አቀበላት። በዚያ ወር ከስሟ የበዛ ስም በመዝገቡ ላይ አልነበረም።

ሰኞ ማታ አባቷ እጁን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ብዙ ተቀመጠ። ማክሰኞ ማታም እንዲሁ። አንጓው አብጧል። ሐኪሙ የሰጠው ወር የሚያልቅበት ቀጠሮ ዓርብ ነው። ስለ መሪው ግን አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም፤ በመካከላቸው ያለው ጠረጴዛ ከዕለት ወደ ዕለት የሚረዝም መሰላት።

ረቡዕ ለጋሽ ብሎን ሁሉንም ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ።

«አንቺ የለካሽው ጃኬቱን ነው» አላት። «ሰውየውን ማን ለካው?»

ከዚያም አጫወታት። አባቷ ከኮርቻው ጫፍ መቀመጥ የጀመረው ገና እናቷ ከኋላው ሆና የጨርቅ ጥቅሏን በመካከላቸው አድርጋ ስትሄድ ነው። ያ ጥቅል የሦስት ሰው ወገብ ያህል ነበረ፤ ሦስቱ፣ ባል፣ ጥቅልና ሚስት፣ በአንዲት ኮርቻ ሲያልፉ ሠፈሩ ይስቅ ነበር። ጋሽ ብሎን ይህን ሲያወራ ሳቁ ቀስ በቀስ ደበዘዘ።

«ያኔ ጥቅሉ ጀርባውን ይደግፍለት ነበር» አለ መፍቻዎቹን እየደረደረ። «አሁን የሚደግፈው የለም። እሱ ግን ዛሬም ቦታውን ለቆላት ነው የሚሄደው።»

ልጅቷ መንገዱን ሁሉ መፍቻውን በእጇ ይዛ ተጓዘች። መሪውን እንደ ነበረ ብትመልሰው ማንም ምንም አይላትም፤ ዓርብ ይደርሳል፣ ፓምፕ ጣቢያውም ጠባቂውን ያገኛል። ባትመልሰው ደግሞ አባቷን «ወደ ኋላ ሽሽ» ማለት አለባት። ያ ደግሞ፣ ቦታው ባዶ መሆኑን መንገር ነው።

አባቷ ሲገባ ግቢው ውስጥ ገና ብርሃን ነበረ። ሞተሩን ሲያቆም ጠብቃ ከፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ መሪውን ያዞርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

አባቷ የራስ ቁሩን አወለቀና መሪው ላይ ሰቀለው።

«አንቺስ ስለ ደብዳቤው ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለ። «እኔ ሦስት ቦታ ነው የማጥፈው። አራት ቦታ ታጥፎ አገኘሁት።»

መፍቻውን ብቻ አሳየችው፤ የጋሽ ብሎንንም ብልሃት በአጭሩ ነገረችው። ኮርቻው ላይ ይቀመጥ፣ ዓይኑን ይጨፍን። አባቷ ታዘዘ። ሲቀመጥ ግን እዚያው ጫፉ ላይ ነበር፤ ጉልበቱ ታንኩን አቅፎ፣ ጀርባው ባዶውን እንደ ተደገፈ።

«ትንሽ ወደ ኋላ» አለችው።

አልተነቃነቀም። ከጎረቤት ግቢ የውኃ መቅጃ ባልዲ ሲንኳኳ ተሰማ።

«ወደ ኋላ ከሄድኩ…» አለና ተወው።

ልጅቷ የእናቷን ስም መጥራት አቃታት። ወደ አፏ የመጣው ሌላ ነበር።

«ጥቅሉ እኮ የለም፣ አባዬ።»

አባቷ ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ ሰው ያለበት ቦታ ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉ ተጠንቅቆ፣ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሸሸ። እጆቹን ዘረጋ። መዳፎቹ ከመሪው ሁለት ጣት ከፍ ብለው አየር ላይ ቆሙ። እሷም አራቱን ብሎኖች አላልታ መሪውን ቀስ ብላ ወደ እጆቹ አመጣችው። ጣቶቹ እጀታውን ሲይዙት አንጓው አልታጠፈም፤ ቀጥ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ብሎኖቹን አጠበቀች። አባቷ ግን ዓይኑን አልገለጠም። ከጨፈናቸው ዓይኖቹ ሥር ጉንጩ ርሶ ነበር። አራተኛው ብሎን ከጠበቀ በኋላም እሷ መፍቻውን ሳትነቅል እዚያው እንደምትሠራ ሆና ቆየች።

ከዚያ ሜትሩን ከኪሷ አወጣችና ወደ ኋላው ዞረች። ከአባቷ ጀርባ እስከ ኮርቻው መጨረሻ የተረፈው ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር ነበር።

«ደግሞ ማንን ነው የምትለኪው?» አላት።

«ራሴን።»

አባቷ ዓይኑን ገለጠ። መሪውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞረና ሽቦዎቹን አየ።

«ከቤት የምንወጣው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ እናቴ» አለ። «እኔ ሰው አልጠብቅም።»

ዓርብ ዕለት ሐኪሙ አንድ ወር ጨመረለት። ከሐሙስ ጀምሮ ያ የተጨመረው ወር እስኪያልቅ በአርፋጆቹ መዝገብ ላይ የልጅቷ ስም አልሰፈረም።