የሙሉካ አገጭ

ፖሊሷ ሃምሳ አለቃ ጣይቱ ከጎባ ሮቤ ስትደርስ ሙሉካን የሚያጥቡበት ውሃ እየሞቀ ነበር። ምስኪን፣ ገና ሃያ ስምንት ዓመቷ! ማታ ሻይዋን ጠጥታ ተኛች፤ ሲነጋጋ አስመለሳትና ሞተች። ቀበሌው ደግሞ ጊዜ ሳያጠፋ ጤና ረዳቷን ረቢያን ይዞ በጠብመንጃ ያስጠብቃታል። ዘመኑ 1970፣ ቀይ ሽብር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ከተወሰደች መመለሷን እንጃ።

«ያ አላህ!» አለች የሟች ባል እህት ጁሀራ፣ እያለቀሰች። «ረቢያ ናት፣ የወሊድ መከላከያ ነው ብላ መርዝ ሰጠቻት! ወላሂ ትናንት ማታም ስትውጠው አይቻለሁ። ይኸው ኪኒኑ ራስጌዋ ተገኘ። ፊቷን ይዩት፣ ኪኒኑ እንዴት እንዳበላሸው!»

ጣይቱ የሟችን ፊት የሸፈነውን ሻሽ ገለጥ አደረገች። የሟች ግንባር ጥርት ያለ ነው፤ አገጯና መንጋጋዋ ግን በቀያይ ብጉር ተሞልቷል። ጣይቱ ሳታስበው የራሷን አገጭ ዳሰሰች። በሠላሳ አራት ዓመቷም የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል እዚያው ቦታ ላይ ይወጣባታል።

«ብጉሩ መቼ ጀመራት?» ብላ የሟችን ባል ከማለዲንን ጠየቀችው።

«ሦስት ወር ቢሆነው ነው። ከተጋባን ጀምሮ ፊቷ ጥርት ያለ ነበር። ኪኒን መውሰዷን ዛሬ ነው የሰማሁት። እኔማ መሐን መስላኝ...» ብሎ አቀረቀረ።

ረቢያ ጓሮ ከጠባቂዋ አጠገብ ተቀምጣ ለጣይቱ ተናገረች። «ካገባች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሰጥቻታለሁ፣ አልክድም። ከአራት ወር በፊት ግን በቃኝ ብላ ተወችው። ማን ያምነኛል?»

ጣይቱ ማድ ቤት ገባች። የማታው ዕቃ ሁሉ እንዳደረ ነው፤ ሙሉካ ሻይ የጠጣችበት ኩባያ ብቻ ታጥቦ ተደፍቷል። ጁሀራ ከአራት ልጆቿ ጋር የምታድርበትን ጠባብ ክፍልም ፈተሸች። ከዚያ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እኔም ድሮ ይህን ኪኒን ስወስድ ሐኪም ነግሮኛል» አለች። «አዋቂ ሴት አገጭ ላይ እንዲህ የሚወጣ ብጉር ብዙውን ጊዜ ከሆርሞን ነው። ኪኒኑ ያረጋጋዋል፣ ፊት ያጠራል፤ ሲያቆሙት በወራት ውስጥ ይመለሳል። የሙሉካ ፊት የጠራው ስትውጥ ነው፤ የተበላሸው ስታቆም። ታዲያ ጁሀራ፣ ትናንት ማታ ምን ስትውጥ አየሻት?»

ጁሀራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«የተረፈውን ኪኒን ራስጌዋ ያኖረ ሰው በረቢያ ሊያላክክ ነው። በለቅሶ ቤት አንድ ኩባያ ብቻ ያጠበ ሰውም ምክንያት አለው። ከማለዲን፣ ለስንዴ ማሳህ የገዛኸው መርዛማ የዘር መድኃኒት የት ነበር?»

«ጎተራ ውስጥ፣ ተቆልፎ።»

«አሁን እህትህ አልጋ ስር ነው። ግማሹ ጎድሏል።»

ጁሀራ ነጠላዋን ከፊቷ ገፈፈች። «ልጅ ልወልድ ነው፣ ክፍሉን ልቀቂልኝ አለችኝ! አራት ልጅ ይዤ ወዴት ልሂድ? ወዴት?»

«ልጅ?» አለ ከማለዲን። «ሙሉካ ልጅ ፈልጋ ነበር?» የቀበሌው ሊቀመንበር እያጉረመረመ ረቢያን ፈታት፤ እሷም ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

በዚህ መሃል አስከሬን አጣቢዋ ኡሙሰልማ እጃቸውን እየጠረጉ ከቤት ወጡና ወደ ጣይቱ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ሆዷ ውስጥ ልጅ እንኳ አልነበረም» አሉ። «የወር አበባዋ ላይ ነበረች።»

ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት። ጁሀራ ግን ሰማች።