የአባቴ ግራ ጉንጭ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን ያቃተው ይተወው፣ አልከራከርም። እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

አምቦ። ባለፈው ሁዳዴ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ፀሐይ ቤቱን ሞልታው።

አባቴን አቦ ነው የምንለው። አገር ቤት፣ እጃጂ እያለ ስትሮክ መታውና የግራ ፊቱ ወደቀ። አፉ ተጣመመ፣ መናገር አቃተው። እኔ ቤት አመጣሁት።

አቦ ደኅና ሳለ ምግብ ከጣመው "ሃዋኒ፣ ደበሊ!" ይለኝ ነበር። ጨምሪ ማለቱ ነው። ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ ልስማው ብዬ ስለት ተሳልኩ።

ሮቤራ የሚባል ፊዚዮቴራፒስት ቤት እየመጣ የአፍና የፊት እንቅስቃሴ ያሠራው ጀመር። ጉንጭ መንፋት፣ ከንፈር መግጠም፣ ምላስ ማውጣት።

"ከበሉ በኋላ ግራ ጉንጫቸውን በጣትሽ ጥረጊ" አለኝ። "እዚያ ምግብ ይቀራል። ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላቸዋል።"

ጓንት አድርጌ እጠርጋለሁ። የሞቀ ምራቅ፣ የኮመጠጠ አጥሚት... አባቴ ነው፣ ግን ያቅለሸልሸኝ ነበር።

አንድ ቀን የታኘከ ቆሎ ወጣ።

አቦ ከአጥሚት በቀር የሚቀምሰው የለም። ጎረቤት ሰጥቶት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በሌላ ቀን ግን... ሥጋ።

ሮቤራ እዚያው ነበር። ከጣቴ ላይ አነሳና አሸተተው።

"ጥሬ ነው" አለ በሹክሹክታ። "ሰጥተሻቸዋል?"

"በጾም? አብደሃል?"

"ታኝኳል እኮ... የጥርስ ምልክት አለው።"

አቦ አንድም ጥርስ የለውም።

ሽታው እንዳመረቀዘ ቁስል ነበር። ጓንቱን አውልቄ ጓሮ ጣልኩት። ስመለስ ሮቤራ የስልኩን መብራት አብርቷል።

"ምላሳቸውን ያዢልኝ። ውስጡን እንየው።"

የአቦን ምላስ በጨርቅ ይዤ ወደ ውጭ ሳብኩት። በሌላው እጄ አዲስ ጓንት አጥልቄ ጣቴን ወደ ጉንጩ ሰደድኩ።

አንድ ነገር ጣቴን ላሰው።

ሞቃት። ሻካራ። ቀስ ብሎ... ከሥር እስከ ጫፍ።

"ሮቤራ... ምላሱን ይዤዋለሁ አይደል?"

"ይዘሽዋል።"

"እና ይሄ ምንድን ነው?"

ስልኩን ወደ አቦ አፍ አስጠጋ።

እጄን መንጭቄ አወጣሁ። ጓንቱ እዚያው ቀረ።

ያኔ ሰማሁት... ጥርት ያለውን የአባቴን ድምፅ። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ምላሱ አሁንም በሌላው እጄ ውስጥ ነው።

"ሃዋኒ... ደበሊ።"

አቦ እንባ ባቀረረ ዓይን አየኝ። ከዚያ ደኅናውን እጁን አነሳና ግራ ጉንጩን ከውጭ አፈነው፣ የሰው አፍ እንደሚታፈን።

ከመዳፉ ሥር ጉንጩ ያኝክ ነበር። የጓንቱ ላስቲክ ሲጢጥ... ሲጢጥ ይላል።