ኔጌቲቭ የወጣው መልስ

ሞተር ጠምጣሚዋ ወረቀቱን እስኪቀደድ ድረስ በላጲስ ፈገፈገችው። ከሥራ በኋላ ሠራተኞቹ በወርክሾፑ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ለደረጃ ፈተና ይዘጋጃሉ። ሽቦዎች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ከረንቱ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት ማሳየት አለባት። እሷ ደግሞ ሳታረጋግጥ ቀስት አትስልም። እጮኛዋ ሠርጋቸው ሦስት ወር ሲቀረው ጥሏት ከሄደ ወዲህ ሳታረጋግጥ የምታደርገው ነገር የለም። አላለቀሰችም፤ ደንዝዛ ቀረች እንጂ። የታመሙትን እናቷን ታስታምማለች፣ ትሠራለች፣ ትተኛለች፤ ሁሉም አንድ ሆኖባታል።

አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ ሴት ሲያናግር ወሬው ስለሚቋረጥበት ወርክሾፑ ሁሉ «ፊውዝ» ይለዋል። እንደምንም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዝም ብለሽ ገምቺ» አላት። «ከተሳሳትሽ መልሱ ኔጌቲቭ ይወጣል፤ ቁጥሩ ልክ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል ማለት ነው። ቀስቱን ግን መሀል ላይ እንዳትለውጪ... ያኔ ነው ሁሉም የሚበላሸው።»

ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ላጲሷን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አብረው አጠኑ፤ ሲዘገይባትም ሳይታወቃት በር በሩን ታያለች።

ፈተናውን ባለፉ ማግስት አለቃቸው ፊውዝ ለአንድ ዓመት ወደ ሩቁ ቅርንጫፍ እንደተዛወረ ነገራት፤ ያውም ራሱ ጠይቆ። «እሱም ሸሸኝ» አለች በሆዷ። ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነፈገችው። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንደሚባለው፣ እሱም ምክንያቱን ሳይነግራት ተቋርጦ ቀረ።

ነገሩን ያወጣችው የቢሮ ጸሐፊዋ ናት። «ዝውውሩ እኮ የወጣው ላንቺ ነበር» አለቻት። «እናቷ ታመዋል፣ እኔ ልሂድ ብሎ ለምኖ ነው።»

ሻንጣውን ይዞ መኪና ሲጠብቅ ደረሰችበት።

«ቀስቱን ገልብጬ ስዬው ነበር» አለችው። «ከኔ የሸሸህ መስሎኝ...»

«ወዳንቺ ነው» አላት ቀና ሳይል። «ከመጀመሪያውም ወዳንቺ ነው።»

«እኔ ግን ምንም አይሰማኝም። እወድህ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«ገምቺ።»

በጣቷ አየር ላይ ቀስት ሳለች። «ወዳንተ» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲህ መሀል ላይ እንዳትለውጪው።»

አልለወጠችውም። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምትለው እያጣች ስለተቃጠሉ ሞተሮች ታወራው ነበር። በዓመቱ ሲመለስ ከእናቷ ጋር በምትኖርበት ቤት በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። እጇን ያዘ።

«ቀዝቅዟል» አላት።

«በረደኝ» አለች። ብርድ ከተሰማት ስንት ጊዜዋ! እጮኛዋ ጥሏት ሲሄድ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ።

እናቷ ከውስጥ ሆነው «ምን ደጅ ያስቆማችኋል? ግቡ እንጂ» አሉ።

ፊውዝ «ተጋቡ» ያሉት መስሎት «እሺ እማማ፣ በዚህ ወር» ብሎ መለሰ፤ ቃሉ ሳይቋረጥበት። እሷም ሰምታለች፤ አላረመችውም።