መቀመጫው የተቆረጠው ሞተር

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ ዛሬ የሚመለስ አይመስልም፤ ዝናቡም ገና ነው። ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከትንሿ ከተማ ወደ መንደሩ ብቻውን በሞተር ይሄድ ስለነበረ ሰው። መንገዱ በአንድ በኩል ገደል ነው፤ በሌላው በኩል ባሕር ዛፍ። ቤት የለም። ውሻ እንኳን አይጮኽም። ሰውየው ማን ነበር? ሞኝ ነበር። ሞኝነቱን በምን አወቅህ ካላችሁኝ፣ ሰውየው እኔ ነኝ።

በዚያን ጊዜ ከተማዋ ውስጥ በያጅ ነበርኩ። በርና መስኮት እሠራለሁ። አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጽሔት ይዞ መጣ። መጽሔቱ ላይ የሞተር ፎቶ አለ። አሮጌ ሞተር ነው፤ ግን ትርፉ ሁሉ ተቆርጦለት፣ መሪው ዝቅ ብሎ፣ መቀመጫው ለአንድ ሰው ብቻ ሆኖ፣ ከኋላው ትንሽ ጉብታ ተሠርቶለታል።

«ካፌ ሬሰር ይባላል» አለኝ። «ፈረንጆች ከአንዱ ካፌ ወደ ሌላው የሚሽቀዳደሙበት ነው።»

እኛ ከተማ ስንት ካፌ ነበረ? አንድ። ታዲያ ከየት ወደ የት ልሽቀዳደም ነው? ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

አሮጌ ሞተር የነበራቸው እትዬ የሻረግ ብቻ ነበሩ። ሞተሩ የሟች ባላቸው የጋሽ ላቀው ነው። ጋሽ ላቀው የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነበሩ፤ በየመንደሩ እየዞሩ ቤት ለቤት ዲዲቲ ይረጩ ነበር። ሲመጡ ከሞተሩ ድምፅ በፊት ሽታቸው ይደርሳል። እሳቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኖ፣ ሞተሩ ላይ ዶሮዎች ያድሩበታል።

«ውሰደው» አሉኝ እትዬ የሻረግ። «የኋላውን መቀመጫ ግን እንዳትነካ። ላቀው ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እያየ አልፎ አያውቅም።»

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

ቤቴ ወስጄ መጀመሪያ የቆረጥኩት ምን ይመስላችኋል? የኋላውን መቀመጫ።

ሁለት ወር ሠራሁት። ፓራፋንጎውን አውልቄ ጣልኩ። ዕቃ መጫኛውን ጣልኩ። መሪውን ዝቅ አደረግሁ፤ በኋላው መቀመጫ ቦታ ትንሽ ጉብታ በየድኩ፤ የቤንዚን ታንከሩን ጥቁር ቀባሁ። የጨረስኩ ዕለት በገበያው መሃል ነዳሁት። ደረቴን ታንከሩ ላይ አስተኝቼ፣ ወገቤን ሽቅብ ሰቅዬ፣ ፓራፋንጎ ስለሌለው ጭቃውን ሁሉ በጀርባዬ ተሸክሜ አለፍኩ። ሰው የሚያደንቀኝ መስሎኝ ነበር። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ «ምስኪን፣ ሆዱን ቆርጦት ነው» ስትል ሰማሁ።

አሁን ወደዚያ ምሽት እንመለስ። ዳገቱን ወርጄ ጥቂት እንደሄድኩ፣ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ፣ እጁን አንስቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ከዛፍ ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣ ታቃስታለች።

«ወንድሜ፣ ባለቤቴን ምጥ ይዟታል። ከተማ፣ ጤና ጣቢያ አድርስልኝ» አለኝ።

መቀመጫዬን አሳየሁት። «አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው» አልኩና አለፍኩ። አፈርኩ? አዎ፣ አፈርኩ። ቆምኩ? አልቆምኩም።

ትንሽ እንደሄድኩ አንድ ሽታ መጣብኝ። የምን ሽታ? የዲዲቲ። በእኛ መንደር ዲዲቲ ከተረጨ ዓመታት አልፈው ነበር። ከመታጠፊያው በኋላ ደግሞ ሞተሩ ከኋላ ከበደኝ። ጎማው የተነፈሰ መስሎኝ ወርጄ አየሁ፤ ደህና ነው። ወጣሁ፤ ከበደኝ። እንደገና ወረድኩ፤ ምንም የለም። ያን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኽ ነበር። እኔ ብየዳዬን ተጠራጠርኩ።

ድልድዩ ላይ ስደርስ ሞተሩ ጠፋ። መብራቱም ጠፋ። ጸጥ አለ። ከዚያ ከጆሮዬ ኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ» አለ ድምፁ፣ ረጋ ብሎ። «ይሄ ጉብታ ይቆረቁራል።»

ዞሬ አላየሁም። አንገቴ አልታዘዝ አለኝ። «ጋሽ ላቀው?» አልኩ።

«ሰው ጥለህ መጣህ» አሉ።

«መቀመጫ የለውም እኮ፣ ጋሼ።»

«አንተ የተቀመጥክበትስ ምንድን ነው?»

ወረድኩ። ሞተሩን አዙሬ፣ አልነሳ ሲለኝ እየገፋሁ፣ ወደ ባልና ሚስቱ ተመለስኩ። ሴትየዋን እኔ ቦታ ላይ አስቀመጥናት። መሪውን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ መግፋት ጀመርኩ።

ዳገቱ ጋ ደረስን። ያ ዳገት በእኔ ጉልበት የሚወጣ አልነበረም። ሞተሩ ግን ቀሎ ወጣ።

«ጎበዝ፣ ከኋላ እንዲሁ ግፋ» አልኩት ባልየውን።

«እኔ ከፊት ነኝ» አለኝ። የእጅ ባትሪውን ወደ ገዛ ፊቱ መለሰው። እውነትም ከፊቴ ነው። ታዲያ ከኋላ ማን ነው የሚገፋው? ሁለታችንም ቆምን።

ሴትየዋ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ፣ «ለምን ትቆማላችሁ? ሂዱ እንጂ፤ ሰውየው ደክሟቸዋል» አለችን።

ሄድን። እንዴት እንደሄድን አትጠይቁኝ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ከእናቲቱ ቀድሞ አልጋ የተሰጠው ለእኔ ነው፤ በሩ ላይ ወድቄ ነበር። ሊነጋ ሲል ሴት ልጅ ተወለደች።

ጠዋት እትዬ የሻረግ ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ምስር እየለቀሙ ነበር። መቀመጫውን መቁረጤን ስነግራቸው መልቀማቸውን ቀጠሉ። ወሬዬ ዳገቱ ላይ ሲደርስ እጃቸው ቆመ።

«ገፋልህ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ እንስራ ውኃ አላነሳልኝም» አሉ። «ለመንገደኛ ሲሆን ከመቃብር ይነሳል።» ምስሩን አስቀመጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዴት ነው፣ ከስቷል?» አሉኝ።

«ዞሬ አላየሁም።»

«ፈሪ» አሉኝ። «ሌላ ጊዜ ስታገኘው፣ ጣሪያው ያፈሳል በልልኝ።»

ለጋሽ ላቀው ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። መልእክቱን ከማደርስ ብዬ፣ በማግስቱ መሰላል ይዤ ሄጄ ጣሪያውን ራሴ ደፈንኩት። ከዚያ ወዲህ በምሽት በዚያ መንገድ አልፌ አላውቅም።

እናንተ ግን ወጣቶች ናችሁ፤ ታልፉበታላችሁ። ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ሁለት ሁኑ። ሽታው ሲመጣባችሁ አንዳችሁ መሪውን ይያዝ፤ አንዳችሁ ዞር ብሎ በደንብ ይይልኝ። ከስተው እንደሆነ ንገሩኝ። እትዬ የሻረግ አርጅተዋል፤ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል።